ላልታሰበ እንግዳ የተቀመጠ ሳህን

በዚያ ዓመት ሆሳዕና ከተማ ባለው ቤታችን አንዲት የፖላንድ ልጅ ተቀምጣ ነበር። በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ሆና ዱራሜ ከመሄዷ በፊት ትሠለጥን ነበር፤ አማርኛ የማስተምራት እኔ ነበርኩ። የአገሯ የገና ዋዜማ ሲደርስ ለእኛ ተራ የታኅሣሥ ቀን ነው። "እዚህ ላክብረው?" ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ጾም ላይ ስለነበርን፣ ምግቡ ሥጋ እንደሌለበት ስትሰማ እናቴ ደስ አላት። ጎመን፣ ድንችና ባቄላ አብረው ሠሩ። ልጅቷ በወጋቸው መሠረት ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ገለባ ስትጎዘጉዝ እናቴ ሳቀች።

ሳቋ የቆመው ልጅቷ አንድ ትርፍ ሳህንና ወንበር ስታስቀምጥ ነው።

"ይሄስ የማን ነው?"

"ያልታሰበ እንግዳ ከመጣ ብለን ነው፣ እማማ።"

ደቡብ አፍሪካ የሄደው ታላቅ ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋችና መልሳ ተወችው።

የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ፣ ልንቀመጥ ስንል በሩ ተንኳኳ። አቧራ የለበሰ ወጣት ነው። ከሆመቾ በእግሩ እንደመጣ፣ መኪና እንዳጣ በሃዲይኛ ተናገረ። እናቴ "ግባ" አለችው። ሌላ መቀመጫ ነበረ፤ እሱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ሄዶ ትርፉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ በደስታ እንባዋ መጣ።  ለመንገደኛ ሁሉ የሚጮኸው ውሻችን ግን ድምፁን አላሰማም።

ሲበላ አጎራረሱ የወንድሜን ይመስል ነበር። እናቴ ዓይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም። ሲጨርስ ተነሳና፣ እንግዳ ሰው ትልቅን በሚያናግርበት አክብሮት ሳይሆን ልጅ ከእናቱ ጋር እንደሚያወራ፣ "ጠግቤያለሁ፤ ከእንግዲህ አትጠብቂኝ" ብሏት ወጣ።

እናቴ ጋቢ ይዛ ተከተለችው፤ እኔም ተከተልኳት። መንገዱ እስከ ታች ድረስ ይታያል፤ ማንም የለበትም። ደጃፏ ላይ ቆማ የነበረችው ጎረቤታችን "ከእናንተ ቤት የወጣ ሰው አላየሁም" አለችን።

ስንመለስ ሃዲይኛ የማትሰማው ልጅ "ምን አላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አመሰገነ" አልኳት።

ጥር ላይ ወንድሜ ደወለ። ታስሮ ከርሞ መፈታቱን ነገረኝ። እያለቀስኩ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ብዙ አዳመጠችው፤ ጤናውን ጠየቀችው፤ መረቀችው። ከዚያ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና በቀስታ "እሱ ነው?" አለችኝ።

"እሱ ነው፣ እማዬ።"

ስልኩን መለሰችልኝና ወደ እንሰቱ ጓሮ ወጣች። ዛሬም ሲደውል፣ እኔ ድምፁን አስቀድሜ ካልሰማሁላት አታናግረውም።