የጂኑ ልዑል ሁለተኛ ክፍል

ከጅዳ ስመለስ የማውቀው ዐረብኛ የወጥ ቤት ብቻ ነበር። የመካነ ሰላም ጎረቤቶቼ ግን ያመጣሁትን ተከታታይ ፊልም ተርጉሚልን ብለው ያዙኝ። አልችልም ማለት አፍሬ ከራሴ ፈጠርኩ። ሸበላውን ሰውዬ የጂኖች ልዑል ነው አልኳቸው፤ ስሙንም ከአባቴ በሬ ወስጄ ቦራ አልኩት። መጨረሻው ላይ ዲቪዲው ተጭሮ ምስሉ ቀጥ ሲል፣ «ይኸው፣ ለሚወዳት ልጅ ሲል ድንጋይ ሆነ» ብዬ ጨረስኩት። ሴቶቹ ተላቀሱ።

በዓመቱ ኩታበር ያለችው አክስቴ ጋ ልሄድ፣ ለጉዳይ ከሄድኩባት ከአጅባር የደሴን አውቶብስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ገና ከመንቀሳቀሳችን ወሬ ጀመረች።

«እህቴ፣ የቦራን ፊልም አይተሻል?»

«የቱን ቦራ?» አልኳት።

«የጂኑን ልዑል ነዋ! ድንጋይ የሆነውን። ሁለተኛው ክፍል እኮ ወጣ!»

«ሁለተኛ ክፍል የለውም!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ወላሂ አለው! አንቺ ስላላየሽው ነው።»

የፈጠርኩት እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ልጅቷ በየቀኑ እየመጣች ድንጋዩን አቅፋ ስታለቅስ፣ አንድ ቀን ድንጋዩ ሞቃት።»

«ሞቃት?» አልኩ። «ከዚያስ?»

ኩታበር ስንደርስ ቦራ ገና አንድ እጁ ብቻ ነበር ከድንጋይ የተላቀቀው። አክስቴ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ታውለበልባለች። እኔም በመስኮት አውለብልቤላት ደሴ ገባሁ።