ያስጠጓት እማማ

እግሯ ቤት አያውቅም ይባልላት ነበር። የፋርማሲ ሥራዋን ጥላ፣ ሻንጣዋን አዝላ፣ ከደቡብ ጠረፍ እስከ ሰሜን ጠረፍ በእግሯ ልትሄድ ስትነሳ እናቷ «ይቺን ልጅ ማን አሳደዳት?» ብለው አለቀሱ። ያሳደዳት አልነበረም። መድኃኒት መደርደሪያ ሥር ቆማ ማርጀት ነው ያስፈራት።

መንገዱ ሲጋመስ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ትኩሳት ጣላት። ከሰል እያከሰሉ እዚያው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ወድቃ አገኟት። ደግፈው ጎጇቸው አስገቧት፣ አልጋቸውን ለቀቁላት፣ እሳቸው እስክትድን መሬት ተኙ። ስትሰናበታቸው ውለታቸውን በምን እንደምትከፍል ጠየቀቻቸው። ሳቁ። «ምን አደረግኩልሽ? በእግርሽ መጣሽ፣ በእግርሽ ሂጂ።»

ጉዞዋን ጨረሰች፤ ልቧ ግን እዚያ ጫካ ቀረ። እንደገና ተምራ የደን ጥበቃ ባለሙያ ሆነች። ጫካው ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ ምንጮቹ እየነጠፉ ሲሄዱ እንዲከለል አጥብቃ የተሟገተችው እሷ ነበረች። ተሳካላት። ያን ጊዜ አለቃዋ፣ ጫካው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ይነሳሉ፣ ማን ይንገራቸው አለ። ሌላ ሰው ሄዶ እንዲጮህባቸው አልፈለገችም። ያጎረሰ እጅ መንከስ ማለት ይሄ ነው እያለች ራሷ ሄደች።

እማማ ገና ከሩቅ ለዩዋት። ስመው አቀፏትና መቀመጫ አቀረቡላት። ከተማ ዳር ቤት እንደሚሰጣቸው፣ ውሃው እያለቀ መሆኑን እየተንተባተበች አስረዳቻቸው። እስክትጨርስ አደመጧት።

«ዛፉ ማለቁን አውቃለሁ፤ እኔም ቆርጫለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።»

የተሰጣቸው ክፍል ከጋራዥ ጀርባ ነው፤ መስኮቱ ግድግዳ ያያል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ሳሙናና ስኳር ይዛ እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። አንድም ቀን አልወቀሷትም። ብቻ «አንቺ» ማለቱን ትተው «እርስዎ» ይሏት ጀመር፣ የመንግሥት ሰው እንደሚያናግሩ። «ይቀመጡ። ለምን ተቸገሩ?» ይላሉ። «ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ ነኝ» ብትላቸውም ወደ «አንቺ» አልተመለሱም።

አንድ ቀን ስትሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። ጎረቤቲቱ፣ ከተቀበሩ ሳምንት አለፋቸው አለቻት፣ ዘመድ መሆን አለመሆኗንም ጠየቀቻት። እንዳልሆነች ተናገረች። ስኳሩን ለጎረቤቲቱ ትታ ወጣች፤ ዝናብ ጀምሮ ነበርና ጋራዡ ታዛ ሥር ቆማ እስኪያባራ ጠበቀች።