የእትዬ ቀሚስ ጠቦ አያውቅም

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ታናሿ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እለፈልፋለሁ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊቷ ድቡልቡል አለ፣ ሆዷ ገፋ፤ እጅና እግሯ ግን ቀጠነ። ደንበኞቻችን "ተመችቶሻል እኮ!" ይሏታል። ምኑ ነው የተመቻት? የስፌት መኪናውን ፔዳል አሥር ደቂቃ ከረገጠች ጭኗ ይዝላል፤ ጠረጴዛ ገጨት ባደረጋት ቁጥር ክንዷ ይበልዛል። "ምን እንደያዘኝ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን እችለዋለሁ" ትላለች።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሚዛኑ ተበላሽቷል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ "ልብስ እየጠበበዎት ነው?" አላት።

"ኧረ በጭራሽ! ልብሴ ጠቦኝ አያውቅም" አለች ኮራ ብላ። እኔ ጅሏም "እውነቷን ነው" አልኩ። "የክብደት ለውጥ የለም" ብሎ ጻፈ።

ጉድ የሠራን ያ ካርድ ነው። ከሐኪም ሐኪም ስንንከራተት ያነበበው ሁሉ "ዕድሜ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ዳቦ ይቀንሱ" እያለ ይመልሰናል። ዓመት ሙሉ!

አንድ ቀን ቀሚሷን ልተኩስ ገልብጬ ስዘረጋው ክው አልኩ። በግራና በቀኝ ጎኑ የተፈታ ስፌት ቀዳዳ አራት ረድፍ ተደርድሯል። ለካ በጠበባት ቁጥር ፈታ አድርጋ ታሰፋዋለች! እጇ ስለለመደው ልብም አላለችውም። ለደንበኛ ስትሠራው ሥራ ነው፤ ለራሷም ስትሠራው ያው ሥራ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ገደልሽኝ እኮ!" ብዬ ጮህኩባት። ቀሚሱን በፌስታል ይዤ፣ እሷን እየጎተትኩ፣ የሆርሞን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ረድፎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። "እስካሁን ለምን አልተናገራችሁም?" አለ። ሁለታችንም አፈርን።

ከዚያ ምርመራው ወረደብን። ጠዋት ደም፣ ማታ ክኒን ተውጦ በነጋታው እንደገና ደም፣ የአንድ ቀን ሙሉ ሽንት በጄሪካን። ኤምአርአይ ክፍል በር ላይ ባለሙያው "ብረት ነገር ይዘዋል?" ሲላት "ምንም" አለች። እኔ ከደረቷ ላይ ሰባት ስፒልና አንድ መርፌ ነቀልኩ። ሰውዬው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ስንወጣ ስቀንበታል፤ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቧት ግን በመስታወቱ የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር፣ እኔም ልይዝላት አልችልም።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ ወረቀቶቹን ደጋግሞ አገላበጠ።

"አንደኛው ምርመራ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው። ጭንቅላትዎ ውስጥ ጥላ የሚመስል ትንሽ ነገር ይታያል። በሽታው እሱ ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ እንደግመዋለን።"

"ስሙን እንኳ ይንገሩኝ፣ ዶክተር።"

"ስም ለመስጠት ገና ነው፣ እናቴ።"

"እና ሦስት ወር ሙሉ ምን ያዘኝ ብዬ ልቀመጥ?"

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀጠሮውን ጽፎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

ወጥተን ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ባሏ ከሥራ አስፈቅዶ እያለከለከ መጣ። "እህሳ፣ ምን አሉሽ?"

"ምንም የለብሽም አሉኝ" አለችው። አፌን ልከፍት ስል ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት! አላልኩሽም?" ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግንባሯን ሳማት። "በይ ተነሺ፣ ቤታችን እንግባ" ብሎ ቀድሞን መራመድ ጀመረ።

እሷ መዳፏን ደረጃው ላይ ተክላ ለመነሳት ሞከረች። ጭኗ እምቢ አላት። እንደገና ሞከረች። ብብቷ ሥር ገብቼ ላነሳት ብታገልም አልተነሳችም።

ባሏ ዞር ብሎ ያየናል፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም።

"ቆይ፣ እነሳለሁ" አለችው።