እናቴ ያለቀሰችለት ፕሬዚዳንት

እናቴ መጽሐፍ መግለጥ ሞቷ ነው። ለዜግነት ፈተና አጥኚ ስላት፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን ሶፋ ላይ ተዘርግታ ገና በመጀመሪያው ገጽ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። መውደቅ ደግሞ አይታሰብም። ዲቪ ሲደርሳት ታላቅ እህቴ ዕድሜዋ አልፎ አዲስ አበባ ቀርታለች፤ ቶሎ ልትመጣ የምትችለው እናቴ ዜጋ ስትሆን ነው። ሲጨንቀኝ፣ በቃ የፕሬዚዳንቶቹን ፊልም እያየሽ አጥኚ አልኳት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! እናቴ ፊልም አታይም፣ ትገባበታለች እንጂ። አንዱን ፕሬዚዳንት በሚስቱ ላይ ሲማግጥ አይታ፣ ይሄን ባለጌ አላጠናም ብላ አስዘጋችኝ። ሌላውን በሁለት ፊልም ሁለት ተዋናዮች ሲሠሩት፣ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የከሳው ብላ አዘነችለት።

ባሮችን ነፃ ያወጣው ጺማም ረጅም ሰውዬ ጋ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ። ትንሽ ልጁ ሞተበት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ተቀመጠች። ስለ ጦርነቱ ብነግራት፣ ስለ አዋጁ ብነግራት፣ ማን ሰምቶ! ሚስትየዋን ማን አጽናናት? ጎረቤት ንፍሮ አላመጣም? ሰውየውስ ሳልስት እንኳ ሳይወጣ ነው ሥራ የገባው? ኧረ እማዬ፣ ይሄ ከሆነ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል ብላት፣ ተቆጣችኝ።

የኢንተርቪው ቀን መኪና ውስጥ ሆኜ ስጠብቃት፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ወጣች። ወደቀች አልኩ በልቤ። አልፋለች! ፈታኟ ሴትዮ ያ ጺማም ሰውዬ ምን እንደሠራ ስትጠይቃት ግን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ልጁ ሞተበት፣ ከዚያ ሥራ ገባ ብላ መለሰች። ሴትዮዋ ሌላስ ምን ሠራ አለቻት። ያኔ ነው ባሮቹ ትዝ ያሏት።

ሳቄ መጣ። መልሱን እያወቅሽ ምን ነካሽ አልኳት።

"ባሮቹንማ ሁሉም ሰው ያውቅለታል" አለችኝ። "ልጅህን አጥተህ ሥራ መግባት ምን እንደሆነ ግን ማን ይጠይቃል?"

እህቴን ቦሌ ላይ ትተናት በመጣን በሳምንቱ ነው እናቴ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ የጀመረችው። ስለ እህቴ ስታለቅስ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።