«አይከሰትም» የተባለው ስህተት በቡታጅራ

ያለፈው ክረምት ነው። የማልረሳው በክርክር ረትቼ ስለማላውቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተከራካሪዎቼ ይሰለቻሉ እንጂ አይረቱም።

ወልቂጤ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ለጎረቤት ለማስረዳት አይመችም። ከርነል የሚባለውን የኮምፒውተር እምብርት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ይጽፉታል። ፋይል የሚያስቀምጠውን ክፍል ሲለውጡት፣ ለውጡ ከመግባቱ በፊት ስህተት ከሚፈልጉለት አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ ለውጥ መጣ። ኮዱን አሳጥሮታል፣ አሳምሮታል፤ ሁሉም አጸደቁት። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፋይል የሚቀዳበት ፍላሽ መጨረሻ ላይ «መጻፍ አልቻልኩም» ቢል፣ አዲሱ ኮድ መልሱን ይውጠውና ለፋይሉ ባለቤት «ተቀድቷል» ይለዋል። ተቃወምኩ።

የለውጡ ጸሐፊ «ይህ ስህተት በተግባር አይከሰትም» ሲል መለሰ። ማስረጃ ካላመጣሁ ለውጡ በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚገባም ተነገረኝ። ከገባ በኋላ የስንቱ ሰው ፋይል ሳያውቀው እንደሚጠፋ እንጃ።

ላፕቶፔን ይዤ ቡታጅራ ወረድኩ፤ ከድር የሚባል የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ።

«የተበላሸ ፍላሽ አለህ?» አልኩት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ደህናውን ቢጠይቁኝ ነበር የምቸገረው» አለና አንድ ካርቶን ሙሉ ገፋልኝ።

ክፉውን መርጠን የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ቀዳንበት። በድሮው ኮድ ላፕቶፑ «አልተቀዳም» አለ። በአዲሱ ግን «ተቀድቷል»። ፍላሹን ነቅለን መልሰን ሰክተን ቪዲዮውን ስንከፍተው ሙሽሪት ከመኪና ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ከድር ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየው። «ይሄማ መርዶ መደበቅ ነው። ሰውየው ሞቶ ‹ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል› እንደማለት።»

መርዶ የሚለው ቃል እንግሊዝኛ የለውም። በሦስት መስመር አብራርቼ ከሙከራው ውጤት ጋር ለለውጡ ጸሐፊ ላክሁት።

በማግስቱ ጸሐፊው ለውጡን ሰረዘ። ስህተቱን ሳይውጥ እስከ ባለቤቱ የሚያደርስ ሌላ ጻፈና፣ መግለጫው ላይ «ቡታጅራ ላይ ተረጋግጧል» የሚል ጨመረበት። የፊተኛውን ያጸደቁት ሁሉ ይህንንም አጸደቁት፤ ማጽደቅ ይወዳሉ።

ለከድር ስነግረው «ታዲያ አይከሰትም ያለው ሰውዬ አንድ ቀን ሰርግ ይቅረጽ» አለ።

ዛሬ የሆነ ቦታ አንድ ኮምፒውተር «አልተቀዳም» ሲል፣ የተናደደ ሰው እየሰደበው ይሆናል። ከስድቡ የእኔም ድርሻ አለበት፤ ደስ እያለኝ እወስደዋለሁ።