ይህችን ልጅ ማንም አልመታትም

ዛሬ ሞጣ ላይ ሐኪሙ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንሥቶ፣ «ይህችን ልጅ ማንም አልመታትም፤ የታመመው ደሟ ነው» ሲል፣ የእንጀራ እናቷ፣ ምራቴ ጥሩዬ፣ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

የትንሿ የልጅ ልጄ የቤዛ ገላ በልዞ አፍንጫዋ ሲደማ፣ የቢቸና ጎረቤቶቿ ሐኪም ዘንድ በማድረስ ፈንታ፣ እኔ ሰምቼ ወደምኖርበት ሞጣ እስካስመጣኋት ድረስ፣ ጥሩዬን በሽማግሌ ፊት አቁመው «አልመታኋትም» ብላ በመስቀል እንድትምል ሲያስጨንቋት ሰነበቱ።

ሽበት ብቻውን ሽማግሌ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ በቅሎዬም ለዳኝነት በተቀመጠች ነበር።

በሽታው ከደም ካንሰር ዓይነቶች ብዙም የማይታየው፣ ደም አልረጋ የሚያሰኘው ሳይሆን እንደማይቀር፣ ፈጥነው ከደረሱበትም መዳኛ እንዳለው ሐኪሙ ነግሮን፣ ለማረጋገጫው ምርመራ ወደ ባሕር ዳር በአምቡላንስ ላከን።

ይህን በስልክ የነገርኋት የቢቸና ጎረቤት፣ «የኔታ፣ እኛ ምን እናውቃለን? ለልጅቱ ብለን እኮ ነው!» አለችኝ። ተጸየፍሁ፤ ስልኩንም ዘጋሁ።

ቤዛ አሁን በአምቡላንሱ ውስጥ፣ «እማዬ፣ እንዳትሄጂ» እያለች ጨብጣ የያዘችው የዚያችኑ «ጨካኝ» የተባለች ሴት ነጠላ ነው።

ከሐኪም በፊት ጥፋተኛ ሲፈለግ ያያችሁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የእናንተ ልጅ ሐኪም ዘንድ በጊዜው ደረሰ?