በክረምቱ እንጨት ሥር የተኛው እፉኝት

ወደ ዳንግላ ተዛውሬ ስመጣ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተፋትተናል፤ ልጅ አልነበረንም። ብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩበትን ከተማ ለእሱ ትቼለት የወጣሁ ያህል ነው። ከከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ያለው የጭቃ ቤት ተከራየሁ። አከራዮቼ ባሕር ዳር ስለሚኖሩ ግቢው የእኔ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ይኼ ዕድል መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ስኖር ከጎረቤት ጋር የነበረኝ ነገር ሰላምታ ብቻ ነው። ከቀርከሃው አጥር ማዶ አንድ አዛውንት ገበሬ ከሚስታቸው ጋር ይኖራሉ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ «እንደምን አደሩ፣ አያ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንችስ?» ይሉኛል። እኔ ግን ሰዓት እንደረፈደበት ሰው ሆኜ አልፋለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያ ሰላምታም ይቀራል። ሌሎቹ መምህራን ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። እኔ የምሄድበት አልነበረኝም።

ነሐሴ ነው። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሲወርድ ያደረው ዝናብ ሦስት ሰዓት ገደማ አባራና ፀሐይ ብቅ አለች። ሻይ ላፈላ ብዬ እንጨት ላመጣ ወጣሁ። እንጨቱ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ መሬት ላይ ተከምሯል። ላስቲኩን በግራ እጄ ገለጥ አድርጌ ቀኝ እጄን ስሰድ የባጃጅ ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

በመጀመሪያ ከእንጨትና ከረጠበ ቅጠል በቀር ምንም አላየሁም። ድምፁ ሲደገም ግን ቅጠል የመሰለኝ ነገር አበጠ፤ መልሶ ሟሸሸ። የክንዴን ያህል የወፈረ፣ ለውፍረቱ አጭር የሆነ፣ የጭቃ መልክ ያለው እባብ ነው። ጀርባው ላይ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ቀስቶች የመሰሉ ጥቁርና ቢጫማ መስመሮች አሉት። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን። ከጣቶቼ አንድ ክንድ አይርቅም።

እንዴት ወደኋላ እንደሄድኩ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ግቢው መሐል ቆሜ፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ነው። ስልኬን አወጣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ሞከርኩ። ከዚያ የስልኬን ስሞች ወደታች እያየሁ ሄድኩ። የተማሪ ወላጆች አሉ። ርዕሰ መምህሩ አለ። በር የሠራልኝ አናጺ አለ። «ድረስልኝ» ብዬ የምጠራው ሰው ግን አላገኘሁም። ያኔ ነው ድንጋጤው የመጣብኝ። እባቡ ነድፎኝ ቢሆንስ? ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው። እስከዚያ «የት ገባች?» የሚል ማን አለ? በጣቴ ቀን ቆጠርኩ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቁጥሩ ቶሎ ነው የወጣልኝ።

እንደ ብቸኛ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ራሴ ልጨርሰው አሰብኩ። ከደጃፉ ዶማ አነሣሁና ወደ እንጨቱ ተራመድኩ።

«ተይ! አንች! አትምች!»

አዛውንቱ ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኛል። ድምፃቸው እንዲያ የሚጮኽ አይመስለኝም ነበር።

«እባብ ነው፣ አያ!»

«ምን ይመስላል?»

ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ውፍረቱን፣ ቀስቱን፣ ትንፋሹን።

«እፉኝት ነው» አሉ። «ዶማሽ አጭር ነው፤ አንች ሳትደርሽበት እሱ ይደርስብሻል። ዶማውን ጣይና ራቅ ብለሽ ቁሚ። አትቅረቢው፤ ዐይንሽንም ከእሱ እንዳትነቅይ። የት እንደገባ ያልታወቀ እባብ ነው ክፉው። መጣሁ።»

መጣሁ ያሉት በምርኩዝ ነው፤ አጥሩን ዞረው በሩ ላይ እስኪደርሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔ ቆሜ እባቡን አየዋለሁ፤ እሱ ፀሐይ ይሞቃል። ምላሱን ያወጣል፣ ያስገባል። «እባክህ ቆይ፣ እዚያው ቆይ» ስለው ራሴን ሰማሁት። ድምፄ ሸካራ ሆኖብኛል፤ በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁት ከሱቅ ስኳር ስገዛ ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ።

አዛውንቱ ረጅም ቀርከሃ ይዘው ገቡ። ክዳን ያለው በርሜል እንዳለኝ ጠየቁኝ። የውሃ በርሜሌን ደፍቼ አመጣሁ። በቀርከሃው ገፍተው ከክምሩ ጫፍ አጋደሙትና ላዩን በጆንያ አለበሱት። «ጨለማ ይወዳል። እኛ ካልተጣላነው ራሱ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ ከሩቅ ሆነው እንጨቱን አንድ በአንድ በቀርከሃው እየገፉ አነሡበት። አንድ ጊዜ ቀርከሃውን ነደፈው። ዐይኔ አላየውም፤ ጠቅ ሲል ብቻ ሰማሁ። አዛውንቱ አልተንቀሳቀሱም፤ እስኪረጋጋ ጠበቁ። መጠለያው ሲያልቅበት እባቡ ቀስ ብሎ ወደ በርሜሉ ገባ። በርሜሉን ከቂጡ በኩል ይዤ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን በቀርከሃ ገፍተው ገጠሙትና ድንጋይ ጫኑበት።

«ለምን አንገድለውም?» አልኳቸው።

መልሱን ትተው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። የግራ ባታቸው ሥጋ የለውም፤ ቆዳው አጥንት ላይ ተለጥፏል።

«ዳጉሳ ሳጭድ እንዲህ ያለ እፉኝት አገኘሁ። ልተወው ስችል ልግደለው ብዬ ገባሁበት። ነደፈኝ። ወንድሞቼ እግሬን በገመድ ጠፍረው አሰሩኝ፤ በምላጭ በጡኝ፤ መድኃኒት አዋቂ ጋ ሁለት ቀን አስተኙኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ እግሬ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከእባቡ ይልቅ ገመዱ ጎዳህ አለኝ።» ሱሪያቸውን ለቀቁት። «አንችን ቢነድፍሽ አትሰሪው፣ አትብጭው። የነደፈሽን ቦታ ሳታንቀሳቅሽ ሰው ጥሪና በጋሪም በባጃጅም በቶሎ ሐኪም ቤት ሂጅ። ምን ዓይነት እንደሆነ ያላወቅሽውን እባብ ሁሉ ደግሞ እፉኝት ነው በይ።»

«ሰው ጥሪ» ሲሉ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሪ ጠርተን በርሜሉን ጫንን። ባለጋሪው ጠላ መስሎት ነበር፤ እውነቱን ሲሰማ ወርዶ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ሄደ። ከቤቶቹ ርቆ ከሚገኝ ድንጋያማ ገደል ደርሰን አዛውንቱ ክዳኑን በቀርከሃ ገፍተው በርሜሉን አጋደሙት። እፉኝቱ እንደሌላ እባብ አልተጠማዘዘም፤ እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ድንጋዩ ውስጥ ገባ።

ስንመለስ የቤቴ በር ላይ ቆም ብለው ወደ ውስጥ አዩ። «የበቆሎውን ጆንያ ከቤት ወለል ላይ አንሺው። አይጡ ባይኖር አይመጣም ነበር፤ እባብ አይጥ ተከትሎ ነው የሚመጣ። እንጨቱንም ከግድግዳው አርቀሽ ቆጥ ላይ አድርጊው።» ቀጥለው፣ «ዘመድ የለሽም እንዴ?» አሉኝ።

«አሉ። ይመጣሉ» አልኩ።

ማንም እንደማይመጣ ያውቃሉ፤ ሁለት ዓመት አይተውኛል። «ይምጡ እንጂ» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እንጨት ሳመላልስ ዋልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ሐፍረት ነው፤ ብቻዬን መሆኔ ጥፋቴ ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ሳምንት እሑድ የአዛውንቱ ሚስት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ፈተና አርማለሁ አልኳቸው፤ ክረምት ላይ ፈተና እንደሌለ እያወቅኩ። የሚቀጥለው እሑድ እንደገና ጠሩኝ፤ ሄድኩ። የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡና ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ተጨዋወትን። ከዚያ ባልና ሚስቱ ስለ አንዲት ላም ይመስለኛል መከራከር ጀመሩና ሳያውቁት ከአማርኛ ወደ አውኝ፣ ወደ አገው ቋንቋቸው፣ ተሻገሩ። አንድ ቃል አልገባኝም፤ የሚተረጉምልኝም አልነበረም። እሳቸው ይቆጣሉ፣ ሚስታቸው ይስቃሉ። የድንቹን ልጣጭ በመዳፌ ይዤ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥኩ።